ማሽኑ ሲቆም

በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ትልቁም ትንሹም «ዱቄት» ይላታል። ለክፋት አይደለም። ቀኑን ሙሉ እንጨት ስታለሰልስ ውላ ከክፍሏ ስትወጣ ከቅንድቧ እስከ ጫማዋ ነጭ ትሆናለች፤ ለማያውቃት ሰው ከወፍጮ ቤት የመጣች ትመስላለች። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነበር። ያኔ እሱ አናጺ፣ እሷ አለስላሽ ሆነው አንድ ጣሪያ ሥር ይሠሩ ነበር። እሱ ቆርጦ፣ አጋጥሞ፣ አጣብቆ ያስረክባታል። እሷ ደግሞ አሮጌ ስቶኪንግ እጇ ላይ አጥልቃ እንጨቱን ትዳብሳለች። ክሩ አንድ ቦታ ከተያዘ ሥራው ገና ነው፤ ሳይያዝ ካለፈ አልቋል።

ባሏ ከአሥር ዓመት በፊት ሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ በየሦስት ወሩ። ቀጥሎ በስልክ ብቻ ሆነ፣ ስልኩም እየራቀ እየራቀ ሄዶ አንድ ቀን ብትደውል ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም የሚል የሴት ድምፅ መለሰላት። ሞተ እንዳይባል አልሞተም፤ ከዚያ ከተማ እንጨት የሚያመጡ ሾፌሮች «አይተነዋል፣ ወፍሯል» ብለዋታል። ፈታት እንዳይባል አልፈታትም። ሰዉም ምን ብሎ እንደሚያጽናናት ግራ ገባውና ሳያጽናናት ቀረ። ባሏ ሞቶ ቢሆን እኮ አንድ ሰሞን እንኳ ቤቷ ሰው ይገባ ነበር።

የምትኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋዋ ከመስኮቱ ሥር፣ ምድጃዋ ከበሩ ጀርባ። ከፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ሲራመድ ትሰማዋለች፤ የት እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደተነሳ ታውቃለች፣ መልኩን ግን አይታው አታውቅም። ለአንድ ሰው መቀቀል አልሆንላት ብሎ ሁልጊዜ ይተርፋታል። እሁድን ሙሉ ከማንም ጋር ሳታወራ መዋሏን የምታውቀው ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ልትል ስትል ድምጿ ጉሮሮዋ ላይ ሲሻክርባት ነው።

ሥራዋን ግን ትወደዋለች። ከውጭ ለሚያየው ቀላል ነው፤ ዲስክ የሚባለውን ክብ ብርጭቆ ወረቀት ማሽኑ ላይ መለጠፍና ማስኬድ። እሷ ግን ዲስክ አታምንም። አዲስ ዲስክ ስትይዝ ጀርባውን ታያለች፣ ፊቱን በአውራ ጣቷ ታሻለች፣ ከዚያ ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ጠርዙን አጠፍ ታደርገዋለች። ሙጫው ደካማ ከሆነ አሸዋው ሲሰነጠቅ ይሰማል። ቁጥሩ ሲያንስ አሸዋው ሻካራ ነው፣ ቁጥሩ ሲያድግ ይልማል። አሮጌ ቫርኒሽ ለመግፈፍ ስልሳ፣ ከዚያ ሰማንያ፣ ከዚያ መቶ ሃያ፣ መጨረሻ ላይ መቶ ሰማንያ። መሃል ላይ መዝለል የለም። ከስልሳ ተነስቶ መቶ ሰማንያ ላይ ዘሎ የሚወጣ ሰው የስልሳውን ጭረት አያጠፋውም፣ ይሸፋፍነዋል እንጂ፤ ቫርኒሹ ሲነካው ጉዱ ሁሉ ይወጣል። ባሏ ይቸኩልና ይሄን ነገር አይወደውም ነበር። «ማን ያይብሻል?» ይላት ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወራት፣ ሥራ ቤቱ የአንድ ትምህርት ቤት ዴስኮች እንዲያድስ ተዋዋለ። አለቃው ከእሷ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ሥራ ቤቱን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ሁለት ሰው ልልክ ነበር» አላት። «ግን የሆቴሉ በሮች አጣደፉን። ብቻሽን ትችይዋለሽ?»

«ብቻዬን መሆኑን ችዬበታለሁ» አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት ፒካፑ ማሽኑን፣ ሽቦውንና አንድ ካርቶን ዲስክ ከእሷ ጋር አራግፎ ተመለሰ። ግቢው ባዶ ነው። ሰሌዳዎቹ ላይ ያለፈው ዓመት የመጨረሻ ትምህርት እንደተጻፈ ቀርቷል። አንደኛው ክፍል ገብታ ሽቦውን ሰካች፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፈነች፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች፣ የመጀመሪያውን ዴስክ ጀመረች። ሦስት ደቂቃ አልሄደችም። የዲስኩ አሸዋ እንደ ፎረፎር ረገፈ፣ ያልረገፈው ላይ የቀለጠ ቫርኒሽ እንደ ማስቲካ ተጋገረ፣ ጠርዙም ተተረተረ። ገልብጣ ስታየው ዲስኩ ስድስት ቀዳዳ አለው፤ የማሽኑ መቀመጫ ስምንት። አቧራው የሚወጣበት አጥቶ በእንጨቱና በዲስኩ መሃል ይፈጫል። ለአለቃዋ ደወለች።

«ይሄን ዲስክ ማን መረጠው?»

«ምነው? አዲስ ነው እኮ።»

«አዲስነቱንማ አየሁ። ቀዳዳው ከማሽኑ ጋር አይገጥምም።»

«ትንሽ ጫን ብትይውስ?»

«ጫን ካልኩት ይግልና እንጨቱን ያቃጥለዋል፣ ጥምዝምዝ ጭረትም ይተውበታል። ልጆቹ ደብተራቸውን እዚያ ላይ ዘርግተው ዓመቱን ሙሉ አንተን ይረግሙሃል።»

«እሺ፣ ምን ይምጣልሽ?»

«ባለ ስምንት ቀዳዳ። ፊቱ ነጭ ነገር የተቀባውን፣ ቫርኒሽ የማይደፍነውን። ሻጩ ያውቀዋል።»

«እሱም እንዳንቺ ዱቄት ነው በይኛ።»

ቀልዱን ለራሱ ትታለት ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ካርቶን ከበር ተቀብለው ያመጡላት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከእሳቸው የሚሰፋ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ካርቶኑን በሩ ላይ አስቀመጡና «ሻይ አለ» አሏት። «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለች። በመጀመሪያው ሳምንት በመካከላቸው ያለፈው ንግግር ከዚህ አይበልጥም። በሩ አጠገብ ካለችው ጠባብ ክፍላቸው በቀን ሁለቴ ሻይ ይዘው ይመጣሉ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ይመለሳሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ክፍሉ በር ላይ አድርገው፣ አቧራው እንዳይደርስባቸው ጎናቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። እሷ ሥራዋን ቀጠለች። ቀና ስትል ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት የሚያደርሱ መሰላት። ማሽኑን ስታጠፋ አፋቸው ገጠመ።

«ጋሼ፣ ምን አሉኝ?»

«ምንም። ምንም አላልኩም።»

ማሽኑን ስታስነሳ ከንፈራቸው እንደገና ተነሳ። በማግስቱም እንዲሁ። ለእሷ እንዳልሆነ ገባት፤ ለማሽኑ ጩኸት ነው የሚነግሩት። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ከእንጨቱ አላነሳችም፣ እንዳያፍሩ። እንዲያውም አንዳንዴ ዴስኩ አልቆ እሳቸው ገና መሃል ላይ ከሆኑ ማሽኑን ከእንጨቱ አንስታ ትንሽ በባዶው ታስኬደዋለች። ያለቀውን እንጨት መልሳ እንዳትነካው ትጠነቀቃለች፤ አንድን ቦታ ደጋግመው ከሄዱበት ይጎደጉዳል።

አንድ ቀን ሽማግሌው በር ሊከፍቱ ሄዱ። እሷም በዚያ ጩኸት ውስጥ፣ አፏን በሸፈነው ጨርቅ ሥር፣ ሳታስበው ባሏን «ወፍረሃል አሉ» አለችው። ደነገጠች። ትንሽ ቆይታ ግን ቀጠለች። ቧንቧው ሲያፈስ ማን እንደጠገነው፣ ትቶት የሄደውን መጋዝ ለማን እንደሸጠችው፣ ጥርሷን ስትነቀል ሐኪሙ «አብሮሽ የመጣ ሰው አለ?» ሲላት ምን ብላ እንደዋሸች፣ ሁሉንም ነገረችው። ማሽኑን ስታጠፋ ሆዷ ቀለል ብሏት ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ መብራት ሄደ። ማሽኑ እያቃሰተ ዝም አለ። ሽማግሌው ጩኸቱን ለመብለጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለነበር ጥጡም አላገደው፤ የጀመሩት ነገር ባዶው ክፍል ውስጥ ጥርት ብሎ ወጣ።

«… ጫማዋን እንኳ ሳታስር ነው የወጣችው። እኔ ደግሞ ከኋላዋ በሩን ዘጋሁት።»

አቧራው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል።

«መብራት ሄደ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ።

«ሄደ» አለች። ጥጡን ከጆሮዋ አወጣች፣ የአፏን መሸፈኛ ወደ አገጯ ሳበች፣ ያላለቀው ዴስክ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ማን ናት፣ ጋሼ?»

ቁልፋቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ልጄ ናት። እዚሁ ነው የተማረችው። እናቷ ከሞተች በኋላ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሌላ ከተማ ሄጄ ልሥራ አለች፣ እኔ አይሆንም አልኩ። ከወጣሽ እንዳትመለሺ አልኳት። አፌ ነው እንጂ ልቤ አላለውም። እሷ ግን አመነችው።»

«ስንት ጊዜ ሆነ?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«ደውለውላት ያውቃሉ?»

«ቁጥሯ አለኝ። አክስቷ ሰጥታኛለች። ምን ብዬ ነው የምደውለው?»

«ደህና ነሽ ወይ ብለው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ቆይቼ ደህና ነሽ ወይ?»

«አሥራ ሁለት ከሚሞላው ይሻላል።»

ሽማግሌው አቀርቅረው ፈገግ አሉ። ከዚያ «አንቺስ?» አሏት።

«እኔ ምን?»

«ማሽኑ ሲጮህ አንቺም ታወሪያለሽ። ጨርቁ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አይቼሻለሁ።»

ፊቷ ጋለ። ደግነቱ አቧራው ሸፍኖላታል። «ባሌን ነው የማወራው» አለች።

«ነፍሱን ይማር። መቼ ሞተ?»

«አልሞተም። ወፍሯል።»

ሽማግሌው መጀመሪያ አፈጠጡባት፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ከሰው ጋር ከሳቀች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት ልታስታውስ አልቻለችም። ሳቁ ሲበርድ ባሏ ሄዶ እንደቀረ ነገረቻቸው። እሳቸውም እንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉና «ሄዶ ከቀረ ለምን የፍቺ ወረቀትሽን አትጨርሺም? እንዲህ ተንጠልጥለሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት።

ልትመልስ አፏን ስትከፍት መብራት መጣ። በወሬው ተጠምዳ ማሽኑን ማጥፊያው ላይ አላደረገችውም ነበር፤ ዴስኩ ላይ እንደተቀመጠ በራሱ ተነስቶ ዘለለ፣ ዲስኩ እንጨቱን በጠርዙ ነከሰው። ብድግ ብላ ያዘችው። የጨረቃ ቁራጭ የሚመስል ጉድጓድ ጥሏል። ሃያ ምናምን ዓመት ስትሠራ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ እያለች የኖረችው እሷ ናት። በራሷ ተናደደች፣ ጥጧን መልሳ ጆሮዋ ውስጥ ከተተች፣ ያንን ዴስክ ከስልሳ ቁጥር እንደገና ጀመረችው። ሽማግሌው ወንበራቸውን ይዘው ሲወጡ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንበሩን አላመጡም። ሻዩ ግን አልቀረም።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ስትደርስ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። እስከዚያ ድረስ ስንት ነገር እንደፋቀች እሷ ነች የምታውቀው፤ ለፈተና የተደበቀ የማባዣ ሠንጠረዥ፣ ቀስት የወጋው ልብ፣ የሒሳብ አስተማሪው ትልቅ አፍንጫ። ስልሳ ቁጥር ሁለት ሦስቴ ሲያልፍበት ሁሉም ይጠፋል። ከኋላው ረድፍ ላለው ዴስክ ጎንበስ ስትል የቁልፍ ድምፅ ሰማች። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይቺን ተያት» አሉ።

ዴስኩ ላይ በኮምፓስ ጫፍ የተቀረጸ የሴት ልጅ ስም አለ። ፊደሎቹ ጥልቅ ናቸው፤ ልጅቷ ቀናት ሳይፈጅባት አልቀረም።

«ውሉ ሁሉንም ነው የሚለው፣ ጋሼ። ዳይሬክተሩ መጥቶ ያያል።»

«አውቃለሁ» አሉ። ግን አልሄዱም።

ዱቄት ዲስኩን እጇ ላይ እንደያዘች ቆማ አሰበች። ከዚያ አስቀመጠችውና ጎንበስ ብላ ዴስኩን ከሥር በእጇ ዳበሰችው። «ብሎን መፍቻ አለዎት?»

አመጡ። አራቱ ብሎኖች ዝገው ስለነበር አንዱን ለመፍታት ሁለቱም ተጋገዙ፤ እሳቸው እግሩን ያዙ፣ እሷ ጠመዘዘች። የዴስኩ ጣውላ ሲወጣ ገለበጠችው። የታችኛው ፊት ቫርኒሽ ነክቶት የማያውቅ፣ የመጋዝ ጥርስ እንኳ ያልጠፋበት ጥሬ እንጨት ነው። ስሙ ወደ ታች እንዲሆን አድርጋ መልሳ አሰረችው፣ ከላይ የመጣውን ፊት አለሰለሰችው። አልቸኮለችም። ስልሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሰማንያ። በእያንዳንዱ መሃል በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፣ ከመስኮቱ በሚመጣው ብርሃን በጎን አየችው። ስሙ አሁን የደብተር ማስቀመጫው ጣሪያ ሆኗል። አንድ ልጅ ደብተሩን ሲከት ጣቱ ካልነካው በቀር ማንም አያገኘውም።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው እጃቸውን ከሥር አስገቡ። ጣታቸው በፊደሎቹ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ከክንዳቸው እንቅስቃሴ አወቀች። ከዚያ ማንም ያላንኳኳውን በር ልከፍት ነው ብለው ወጡ።

ቅዳሜ ፒካፑ መጣ። ማሽኑን ስትጭን በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ተመልሰሽ ትመጫለሽ?» አሏት።

«ልጆቹ ካላበላሹት ምን ላደርግ እመጣለሁ?»

«አታስቢ» አሉ፣ «ያበላሹታል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ልትጠይቃቸው አሰበች። ግን ምን ብላ ትሄዳለች? ዘመድ አይደሉ፣ ጎረቤት አይደሉ፣ ሥራ የለም። እንዲህ እያለች አራት ወር አለፈ። አንድ ቀን ለግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች፣ ብርቱካን ገዛች፣ ሄደች። ግቢው በልጆች ጫጫታ ተሞልቷል። በሩን የከፈተላት ሰው ግን ሌላ ነው፤ አጠር ያለ፣ ወሬኛ ነገር።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ዘበኛውን።»

«ዘበኛው እኔ ነኝ።»

«የበፊቱን።»

«እሳቸውንማ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ሁለት ወር ሆነ። ራሳቸው ደውለውላት ነው አሉ። ሦስት ጊዜ አላነሳችም፣ በአራተኛው አነሳች። ሁለት ልጆች አሏት፤ አንዱ ሰውዬውን ነው የሚመስለው። እያለቀሱ ነው የሄዱት።» ከዚያ አያት። «ምንሽ ናቸው?»

«ሻይ ያጠጡኝ ነበር» አለች።

«መልእክት አልተዉም» አለ ሰውየው፣ እንደማዘን ብሎ።

«አይ፣ አልጠበቅኩም።» ብርቱካኑን ሰጠችው። ለምን እንደሰጠችው ባይገባውም ተቀበለ።

እስከ ታክሲው ድረስ ስትሄድ ደስ አላት፤ የምሯን ነው ደስ ያላት። ታክሲው ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ግን ሌላው ነገር ገባት። በዚህ ከተማ ውስጥ ሳቋን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ሄደ።

በወሩ ለፍቺ ፍርድ ቤት ሄደች። ጸሐፊዋ ልጅ እግር ናት፤ ቅጹን እየሞላች «ባልሽ የት ነው ያለው?» አለቻት። «ከተማውን አውቃለሁ፣ ቤቱን አላውቅም።» «ከተለያያችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?» ይሄኛውን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አንድ በአንድ ነገረቻት። ማስታወቂያ ወጣ፣ ባሏ አልቀረበም፣ ቀጠሮ ተሰጠ፣ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። በመጨረሻው ቀን ዳኛው አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ውጭ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች፣ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየች፤ አለቃዋ፣ ዲስክ ሻጩ፣ የፒካፑ ሾፌር፣ አከራይዋ። ስልኩን መልሳ ከተተችው።

ገና ስድስት ሰዓት ነበር። ወደ ሥራ ቤቱ ተመለሰች። አለቃው «ዛሬ እኮ ፈቃድ ላይ ነሽ፣ እትዬ» ሲላት «ቶሎ ጨረስኩ» አለችው፣ ሽርጧን አሰረችና ትናንት የጀመረችውን የቁም ሳጥን በር ቀጠለች።